የመገናኛ መረብ መሣሪያዎችን ፈልጎ ስለ ማወቅና ሳያቋርጡ ስለ መጠበቅ

በዞንና በወረዳ አስተዳደር ለተሾሙ፣ ሰፊ እርሻ ለያዙ፣ ባካባቢያቸውም የእርሻ ሥራ ኀላፊ ለሆኑ ሁሉ ይህ ጽሕፈት የቀረበው፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚታዩት ኮምፒዩተሮችና ከግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ትንንሽ የመገናኛ ሣጥኖች ስንት እንደ ሆኑ፣ የትኛው በደኅና እንደሚሠራና የትኛው እንደ ታመመ በምን ዘዴ ሊታወቅ እንደሚቻል ለማስረዳት ነው። ነገሩ የባለ ሙያ ጕዳይ ብቻ መስሎት ገጹን የሚያልፍ ሹም ቢኖር፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ጥያቄው በዚሁ መሣሪያ እንደሚሄድ፣ የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያም በዚሁ መንገድ እንደሚመጣ አስቦ ጥቂት ይታገሥ።

ምሳሌያችንን ከጎባ እናድርግ። ጎባ ቀድሞ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከሳነቴ አምባ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ የዞኑ መቀመጫ የሆነችው ሮቤ ከርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ የሲናና የእርሻ ምርምር ማእከልም በዚያው በሮቤ አቅራቢያ ይገኛል። ከጎባ በስተ ደቡብ መንገዱ የሳነቴን ብርድ አቋርጦ፣ ቁመቱ 4,377 ሜትር የሆነውን የቱሉ ዲምቱን ተራራ በጎኑ ትቶ ወደ ዶሎ መና ቈላ ይወርዳል። ደጋው የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ይዘራበታል። አንደኛው ያገሩ ሰው በኦሮምኛ «ገና» የሚለው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ወራት ነው፤ ይህ የዝናም ስም ነው እንጂ የልደት በዓል አይደለምና፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ የሚመጣ ጸሐፊ ደብዳቤ ሲያነብ እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። ሁለተኛው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው «ቦና» ነው። እንግዲህ በሌላው አገር በዓመት አንድ ጊዜ የሚበዛው የጽሕፈት ሥራ በባሌ ደጋ ሁለት ጊዜ ይበዛል፤ መገናኛው የሚቋረጥበት ቀን ከዚሁ ጋራ የገጠመ እንደ ሆነ ጕዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ስለ ዋግ የተናገርነው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ባገራችን ብዙ የስንዴ ማሳ አበላሸ፤ ከዚያም በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዘር፣ ቢጫ ዋግን ይችላል ተብሎ በብዛት የተዘራው፣ በግንድ ዋግ ተመታ። ከዚህ ወዲህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ ሆኖ፣ በየማሳው የታየውን ከነፋሱና ከዝናሙ ትንበያ ጋራ እያመሳከረ፣ ዋጉ ወዴት ሊነፍስ እንደሚችል አስቀድሞ የሚነግር ዘዴ አቁሟል። ዳሩ ግን በዋግ ነገር የሚቈጠረው ቀን ነው፤ መድኀኒቱ የሚረዳው ሕመሙ ማሳውን ሳይሸፍን ሲረጭ ነው። ማስጠንቀቂያው ከአዲስ አበባ ተልኮ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መስመር ግን ከጠረጴዛ በታች በወለቀ አንድ ሽቦ ምክንያት ሦስት ቀን ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ የሊቃውንቱ ድካም ለገበሬው ምን ጠቀመው?

መገናኛን የመጠበቅ ሥራ ባገራችን አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። እንዲህ ያለው መስመር ምሰሶ ቢወድቅበት ወይም ሽቦው ቢበጠስ፣ በበቅሎ ተቀምጦ መስመሩን ተከትሎ የሄደ ሰው በዓይኑ አይቶ ያገኘዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት «ወረዳ ኔት» ብሎ የሰየመውን መረብ ዘርግቶ በሳተላይትና በምድር መስመር ወረዳዎችን ከክልልና ከአዲስ አበባ ጋራ ሲያገናኝ፣ ሹማምንት ከየወረዳቸው ሳይነሡ በምስል ለመሰብሰብ ቻሉ። ነገር ግን የዚህ መረብ ሕመም እንደ ወደቀ ምሰሶ በዓይን አይታይም። ሣጥኑ ከግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ መብራቱም ይበራ ይሆናል፤ ሥራው ግን ቆሟል። ስለዚህ በዓይን ፋንታ የሚያይ ሌላ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ያም ጠባቂ ሶፍትዌር ነው፤ ይኸውም ለኮምፒዩተር የተጻፈ የሥራ ትእዛዝ ማለት ነው።

ሥራው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ፍለጋ ነው፤ በመረቡ ላይ ማን ማን እንዳለ መቍጠር። ሁለተኛው ጥበቃ ነው፤ የተቈጠረው ሁሉ በየደቂቃው በሕይወት መኖሩን መጠየቅ። ከብት ያለው ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ እረኛ ማታ በበረቱ በር ቆሞ ሳይቈጥር የጠፋውን ሊያውቅ አይችልምና። በኦሪት ዘኍልቍም ሕዝቡ ከመጓዙ በፊት በየነገዱና በየስሙ ተቈጠረ። በየመሥሪያ ቤታችን ግን ነገሩ ተገልብጦ እናየዋለን፤ የንብረት መዝገቡ ስለ ወንበርና ስለ ቁም ሣጥን አብራርቶ ይጽፋል፤ ከመረቡ ጋራ የተያያዙ መሣሪያዎች ስንት እንደ ሆኑ ሲጠየቅ ግን ግምጃ ቤቱ አንድ፣ ሒሳብ ክፍሉ ሌላ፣ ባለ ሙያው ሦስተኛ ቍጥር ይናገራል።

ፍለጋው እንዴት ይሠራል? በመረቡ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ፣ ኮምፒዩተርም ቢሆን፣ ማተሚያም ቢሆን፣ የጥበቃ ካሜራም ቢሆን፣ እንደ ቤት ቍጥር ያለ አድራሻ አለው፤ ይህም አይ ፒ አድራሻ ይባላል። አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር፣ መጨረሻው ከ1 እስከ 254 የሆነ ሰፈር ይኖረዋል። ፈላጊው ሶፍትዌር በ254ቱ በሮች ሁሉ በተራ እየቆመ፣ እኛ በሰው ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንደምንለው ይጣራል፤ በውስጥ ያለው «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ይህ ጥሪ «ፒንግ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው ነው፤ ስሙንም ያወጣለት የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ በውኃ ውስጥ ከሚላከው ድምፅ ነው። አንዳንድ ኮምፒዩተር ደግሞ ቤት ሆኖ ዝም የሚል አለ፤ የዊንዶውስ መከላከያ ብዙ ጊዜ ለጥሪው እንዳይመልስ ያደርገዋል። እንዲህ ላለው «አርፕ» የሚባል ሌላ ጥያቄ አለ፤ በአንድ ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሁሉ ይህን ሳይመልስ ከጎረቤቶቹ ጋራ መነጋገር ስለማይችል፣ ለፒንግ ዝም ያለውም በዚህ ይያዛል።

ከአድራሻው በላይ እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካው የተሰጠው ሌላ ቍጥር አለው፤ «ማክ» ይባላል። የቍጥሩ የፊተኛው እኩሌታ የፋብሪካውን ማንነት ስለሚገልጽ፣ የተገኘው እንግዳ ማተሚያ ይሁን ካሜራ ለመገመት ይረዳል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡት የእጅ ስልኮች ግን ባለቤታቸው እንዳይከታተሉት ብለው ይህን ቍጥር ይለውጣሉ፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ በየጊዜው አዲስ እንግዳ የመጣ ቢመስል፣ ሌባ ገባ ብሎ ከመደንገጥ በፊት የሠራተኞቹን ስልክ ማሰብ ይገባል። መፍትሔውም ስልኮችን ለብቻቸው በሌላ የዋይፋይ ሰፈር ማኖር ነው።

«አለህን?» ብሎ መጠየቅ ግን አይበቃም፤ ሰው በሕይወት ሳለ ሊታመም ይችላልና። «ኤስ ኤን ኤም ፒ» የሚባለው የመጠየቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1988 የተዘጋጀው ለዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት ሶፍትዌሩ ስዊቹን (ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበትን ሣጥን) ወይም ራውተሩን (ወደ ውጭ የሚያወጣውን ሣጥን) «በስንተኛው በርህ ስንት መልእክት አለፈ? ስንቱስ ተበላሸ? ሙቀትህ ስንት ነው? ከተነሣህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ማተሚያው ቀለሙ ማለቁን፣ የባትሪው ሣጥን የቀረው ኀይል ለስንት ደቂቃ እንደሚበቃ በዚሁ ይናገራሉ። መሣሪያው ሳይጠየቅም ክፉ ነገር ሲደርስበት ራሱ ሊጮኽ ይችላል፤ ይህ ጩኸት «ትራፕ» ይባላል።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲመጡ የዚህ ጥያቄ የይለፍ ቃል «ፐብሊክ» የሚል ነው፤ ትርጓሜውም «የሕዝብ» ማለት ነው፤ ስሙም እንደሚናገረው ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሳይለውጡ መተው፣ የግምጃ ቤቱን ቍልፍ በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። ሦስተኛው የሥርዓቱ እትም የጠያቂውን ማንነት ያረጋግጣል፤ ንግግሩንም በምሥጢር ጽሕፈት ይሸፍናል፤ መሣሪያው የሚችል ከሆነ በዚህ ብቻ መሥራት ይገባል። ለሶፍትዌሩም የማንበብ ፈቃድ እንጂ የመለወጥ ፈቃድ አይሰጠው፤ ጠባቂ የሚፈለገው እንዲያይ ነውና።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ሹም በጽሑፍ ይፍቀድ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ወይም መረብ መግባት ወንጀል ነው። በር ማንኳኳት እንደ መግባት አይቈጠርም ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በሌሊት በጎረቤት በር ሁሉ እየዞረ የሚያንኳኳ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። ስለዚህ ደብዳቤው የትኛው ሰፈር እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚፈልግ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ሆነ ለይቶ ይጻፍ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ የሌላ መሥሪያ ቤት መረብ ያለዚያ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አይነካ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት አያስፈልግም። ለጽሕፈት አርጅቷል ተብሎ በግምጃ ቤት የተቀመጠ፣ አራት ጊጋ ባይት የማስታወሻ መጠን ያለው ኮምፒዩተር፣ ሊኑክስ የሚባለው ነጻ የሥራ ሥርዓት ቢጫንበት ለአርባ ለአምሳ መሣሪያ ይበቃል። ከርሱ የሚፈለገው ፍጥነት አይደለም፤ አለመተኛት ነው። ስለዚህ በዋይፋይ ሳይሆን በሽቦ ይያያዝ፤ አድራሻው የማይለወጥ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው የባትሪ ሣጥንም ይኑረው። በደጋ አገር በዝናም ወራት መብረቅ ብዙ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ በትክክል ከምድር ጋራ መያያዙን ባለ ሙያ ያረጋግጥ። ለጥበቃ ያቆሙት መሣሪያ በመጀመሪያው መብረቅ ቢቃጠል የተጠቀመ ሰው የለም። ደግሞም በሻይ ማፍያው አጠገብ አያኑሩት፤ እንፋሎቱ ይጐዳዋል፤ ሻይ የምታፈላውም ሴት የርሷን ሽቦ ለመሰካት የርሱን ትነቅለዋለች።

ስለ ሶፍትዌሩ የታወቁት ብዙ ናቸው። «ኤንማፕ» እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ ለአንድ ጊዜ ፍለጋ የሚሆን ነው። ለዘወትር ጥበቃ «ናጊዮስ» እ.ኤ.አ. በ1999፣ በላትቪያ አገር የተሠራው «ዛቢክስ» በ2001፣ «ሊብሬ ኤን ኤም ኤስ» በ2013 ለሕዝብ ወጥተዋል። እነዚህ ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው፤ የሚከፈልባቸውም ሌሎች አሉ። እንደ ጎባ ላለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በኔ አስተያየት ሊብሬ ኤን ኤም ኤስ ወይም ዛቢክስ ይሻላል። የፊተኛው አንዱን ስዊች ካወቀ ጎረቤቶቹን ራሱ እየጠየቀ ያገኛል፤ ትምህርቱም ቀላል ነው። ሁለተኛው ጥቂት ጥናት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከመረብ ዕቃ አልፎ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለመጠበቅ ይችላል። የሚከፈልበትን እንዲገዙ የሚጐተጕት ነጋዴ ቢመጣ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚከፈለው ስንት እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብቻ የተፈረመ ውል ብዙ ያስቈጫል።

ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው ፍለጋ ሠራተኞች ሁሉ በሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት፣ ይልቁንም ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በረፋድ ይደረግ፤ ቅዳሜ የፈለገ ሰው የሚያገኘው የዘበኛውን ካሜራ ብቻ ነውና። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ባለ ሙያውና የንብረት ሹሙ ዝርዝሩን ይዘው አብረው ከክፍል ወደ ክፍል ይዙሩ፤ እያንዳንዱን መሣሪያ በዓይናቸው ይዩ፤ ስምም ያውጡለት። «ስዊች 3» የሚል ስም ለማንም አይጠቅምም፤ «ጎባ እርሻ ጽሕፈት ቤት፣ ግብዓት ክፍል፣ ከበሩ በስተ ግራ» የሚል ግን በሌሊት ለተጠራ ሰው ይጠቅመዋል። ስሙም ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በባሌ በኦሮምኛ ቢጻፍ መልካም ነው፤ ሶፍትዌሩ ይህን አይከለክልም።

በዚህ ዙረት የሚገኘው ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሳምንት ሙሉ እኩሌታው ሠራተኛ ሲሠራ እኩሌታው ሳይሠራ ቆየ፤ ማለዳ የገባ ይሠራለታል፤ ዘግይቶ የገባ አይሠራለትም። የውጭው መስመር ተበላሽቷል ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ከዚያም ኮምፒዩተሮቹ አርጅተዋል ተብሎ የግዢ ጥያቄ ተዘጋጀ። ፍለጋው ሲደረግ በመረቡ ላይ አድራሻ የሚያድል ሁለት መሣሪያ ተገኘ፤ አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ራውተር፣ ሁለተኛው አንድ ሠራተኛ የዋይፋይ ጕልበት እንዲጨምርልኝ ብሎ ከቤቱ አምጥቶ ከቁም ሣጥን ጀርባ የሰካው ትንሽ ሣጥን። ከዚህኛው አድራሻ የተቀበለ ሁሉ ወደማይወጣበት በር ይመራ ነበር። ስዊቹ ተጠይቆ እንግዳው በስንተኛው በር እንደ ተያያዘ ስለተናገረ፣ ሽቦውን ተከትሎ ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሠራተኛው ክፉ አላሰበም፤ የግዢ ጥያቄው ግን ለብዙ ሺህ ብር ነበረ።

በዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሥራ ሥርዓት ዕድሜም ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 12 ቀን 2017 «ዋና ክራይ» የተባለው ተንኰለኛ ሶፍትዌር ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሽተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ኩባንያ መድኀኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር፤ የተጠቁት በአብዛኛው ያልታደሱት ነበሩ። ያለውን የማያውቅ መሥሪያ ቤት የትኛው እንዳልታደሰም ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ወደ ጥበቃው እንመለስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው በመጠየቁ አይደለም፤ መቼ መጮኽ እንደሚገባ በመወሰኑ ነው። ሶፍትዌሩ በየደቂቃው ይጠይቅ፤ አንድ መልስ ስለቀረ ግን አይጩኽ፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲቀር ይጩኽ። በየሰዓቱ የሚጮኽ ጠባቂ በሁለተኛው ሳምንት የሚሰማው አያገኝም፤ ተኵላ ሳይመጣ «ተኵላ!» የሚል እረኛ የደረሰበት ይደርስበታል። ደግሞም የማን በር በማን በኩል እንደ ሆነ ለሶፍትዌሩ ይነገረው። ዋናው ስዊች ቢወድቅ ከጀርባው ያሉት ሃያ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አይመልሱም፤ ሥርዓቱ ያልተነገረው ሶፍትዌር ሃያ አንድ መልእክት ይልካል፤ የተነገረው ግን አንድ ብቻ ይልካል፤ እርሱም እውነተኛው ነው።

በሳተላይት የሚገናኝ ጽሕፈት ቤት ካለ የመልሱ ጊዜ ለብቻው ይወሰን። እነዚያ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ ሲመጣ 143,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ብርሃን በሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢሮጥም ይህ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ለምድር ሽቦ የተወሰነውን የአንድ አሥረኛ ሰኮንድ ልክ ለዚህ ያኖረ ባለ ሙያ፣ ደኅናውን መስመር ቀንና ሌሊት እንደ በሽተኛ ሲቈጥረው ይኖራል።

ጩኸቱ በምን ይድረስ? ሶፍትዌሮቹ በኢሜይልና በቴሌግራም መላክ ይችላሉ፤ ለትንሹ ነገር ይህ ይበቃል። ነገር ግን የውጭው መስመር ራሱ ሲቋረጥ በዚያው መስመር የሚላክ መልእክት እንዴት ይወጣል? ድልድዩ መፍረሱን በዚያው ድልድይ አልፎ እንዲነግር መልእክተኛ እንደ መላክ ነው። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ ሞደም ከጠባቂው ኮምፒዩተር ጋራ ይያያዝና በአጭር የስልክ መልእክት ይላክ። ጠባቂው ራሱ ቢወድቅስ? ለዚህ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች ተስማምተው፣ ለምሳሌ የሮቤው የጎባውን፣ የጎባው የሮቤውን ጠባቂ እንዲጠይቅ ቢያደርጉ መልካም ነው።

በሰዓትና በቀን ነገር ስሕተት እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል እንዲቈጥር ቢደረግም፣ የሚጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በመዝገቡ ላይ 02:00 ተጽፎ ቢገኝ በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ 14:00 ቢል ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሳይቀንስና ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ሳይመልስ ለቴሌ የአቤቱታ ደብዳቤ የጻፈ ጸሐፊ፣ መስመሩ ባልተቋረጠበት ሰዓት ተቋረጠ ብሎ ይከሳል፤ የሚያገኘውም መልስ የታወቀ ነው። በደብዳቤው ላይ ሁለቱንም አቈጣጠር ጐን ለጐን መጻፍ ይሻላል።

የመዝገቡ ጥቅም ከዚህ ላይ ይታያል። «መስመሩ ዘወትር ይቋረጣል» የሚል አቤቱታ ማንም አይሰማውም፤ «በዚህ ወር በነዚህ ቀናት ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ተቋረጠ» የሚል ግን ተቀባዩን መልስ ያስገድደዋል። አገልግሎቱ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ይሠራል ተብሎ ቃል ቢገባ ብዙ ይመስላል፤ በ30 ቀን ወር ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ግን 720 ናቸውና፣ የቀረው አንድ እጅ ከሰባት ሰዓት በላይ ነው። ያ ሰባት ሰዓት የግብዓት ጥያቄ በሚዘጋበት ቀን ቢውል፣ ቃሉ ሳይፈርስ የወረዳው ሥራ ፈረሰ ማለት ነው። የግዢ ጥያቄም ሲቀርብ አስተዳዳሪው መዝገቡን ይጠይቅ፤ ተዘውትሮ የሚታመመው አንድ ስዊች ሆኖ ሳለ ስለ አሥር ኮምፒዩተር ገንዘብ እንዳይወጣ።

ሌላም ልናገረው የሚገባኝ ነገር አለ። ይህ ጥበቃ የመሣሪያ ጥበቃ ነው፤ የሰው ስለላ አይደለም። ሶፍትዌሩ በየትኛው በር ስንት መልእክት እንዳለፈ ይናገራል፤ በደብዳቤው ውስጥ የተጻፈውን አያነብም፤ እንዲያነብም ማድረግ አይገባም። የሠራተኛውን መግባትና መውጣት በኮምፒዩተሩ መብራት ልቈጣጠር የሚል ሹም ቢኖር፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሠራተኞቹ ኮምፒዩተራቸውን አብርተው መሄድ ይማራሉ፤ መዝገቡም ለመሣሪያውም ለሰውም የማይታመን ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷልና፣ ስለ ሰው የሚናገር መዝገብ በዘፈቀደ አይያዝ።

ማን ይጠራል፣ ማንስ ይተካዋል የሚለው በስም ተጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ባለ ሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ በአስተዳዳሪው ካዝና ይገኙ። ብዙ ወረዳ አንድ ባለ ሙያ ብቻ ስላለው፣ ሌላ አንድ ጸሐፊ ቢያንስ መልእክቱን አንብቦ የወለቀውን ሽቦ ለመመለስ፣ የጠፋውን ሣጥን ለማብራት ይሠልጥን።

ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ፈተና ይደረግ። በሥራ ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ፣ አስተዳዳሪው ራሱ ባለበት፣ ለባለ ሙያው ሳይነገር የአንዱ ማተሚያ ሽቦ ይነቀል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልእክቱ ወደ ተመደበው ሰው ስልክ መድረሱ ይታይ፤ ያ ሰው መጥቶ ማተሚያውን በስሙና በስፍራው ማግኘቱ ይታይ፤ ሽቦውም ሲመለስ «ድኗል» የሚለው ሁለተኛ መልእክት ይጠበቅ። ከዚያ የውጭው መስመር ሽቦ ይነቀልና የሲም ካርዱ መንገድ ይፈተን። አራቱም ሰዓቶች በመዝገቡ ላይ ተጽፈው ይፈረምባቸው፤ ፈተናውም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ከገናና ከቦና ዘር በፊት፣ ይደገም።